ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ባልዲ ያዙ

ደሴ ላይ በክረምት ጠዋት ደካማ ሻወር ስር የቆመ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ወዲያው ይገባዋል። ቧንቧው ይከፈታል። መጀመሪያ አየር ይተፋል። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ግማሽ ሰውነት ሳሙና ነው፣ ግማሹን ብርድ ይዞታል፣ ውሃው ግን አይበረታም።

እናቴ ቤት ለዓመታት እንዲህ ነበር። በመጨረሻ ሻወሩን ትታ በባልዲና በጆክ መታጠብ ጀመረች። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል። በዚያ ዕድሜ ጎንበስ ቀና እያሉ መታጠብ ወገብ ይቆርጣል። አንድ ቀን ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ሳያት አላስቻለኝም። ጉዳዩን በቁም ነገር የያዝኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ፓምፕ ገዛሁ። ተገጠመ። ሲነሳ ጩኸቱ ቤቱን ሞላው፣ ውሃው ግን ያው ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ይቆራረጣል። ገንዘቡ ቆጨኝ። ከገንዘቡ በላይ ግን እናቴ "ተወው ልጄ፣ ባልዲው ይሻለኛል" ስትል ተሰማኝ።

ከዚያ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። መጥተው ፓምፑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ባልዲ አለ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ባልዲ ምን ያደርግልዎታል?"

"አብሽር ልጄ። መጀመሪያ ውሃው የት እንደታነቀ እንወቅ።"

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ስለገባኝ ነገር ነው። ደካማ ሻወር ብዙ ጊዜ የፓምፕ እጦት አይደለም። ውሃው ከሮቶው እስከ ራሳችን በሚመጣበት መንገድ የሆነ ቦታ ታንቋል። ማነቆው ካልተገኘ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ማነቆውን ለማግኘት ደግሞ ባልዲና የስልክ ሰዓት ይበቃል።

ሦስት ቦታ መለካት

ጋሼ ሦስት ቦታ አስለኩኝ። መጀመሪያ ሻወሩ እንዳለ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከስሩ አደረግን። እስኪሞላ 4 ደቂቃ ፈጀ። ቀጥለው የሻወሩን ራስ ፈቱትና በባዶው ቧንቧ አስሞሉኝ። 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ። በመጨረሻ እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከታች እያዘዙኝ ከሮቶው ሥር ያለውን መዝጊያ አልፎ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ፈታሁና ባልዲውን ደገንኩ። እዚያም 3 ደቂቃ አለፈው።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሻወሩን ራስ ስናወልቅ ብዙ ለውጥ ከሌለ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ በሙሉ ትተን ከሮቶው ሥር ስንቀዳ እንኳ ውሃው ቀጭን ከሆነ ዋናው ማነቆ ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ መዝጊያው ብቻ ነው። የድሮ ጌት ቫልቭ፣ ማለትም እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለ የብረት ምላስ ወርዶ የሚዘጋው ዓይነት ነበር። ስናወልቀው እጀታው ይዞራል፣ ውስጡ ያለው የብረት ምላስ ግን ከዘንጉ ተለያይቶ መንገዱ ላይ ወድቋል። እኔ "ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው" ብዬ የማምንበት መዝጊያ ሁለት ሦስተኛው ዝግ ነበር። ፓምፑ ምን ያድርግ? ያልደረሰውን ውሃ ሊገፋ አይችልም።

እናንተም ቤታችሁ ይህንኑ አድርጉ። ለመመዘን የሚረዳችሁ ቁጥር ይኸውና። ምቹ የሚባል ሻወር በደቂቃ ከ6 እስከ 9 ሊትር ያወርዳል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከ70 እስከ 100 ሰከንድ ባለው ጊዜ ከሞላ ደህና ናችሁ። 2 ደቂቃ ከሆነ ይታጠቡበታል፣ ግን ይቀዘቅዛል። ከ3 ደቂቃ ካለፈ የሆነ ነገር ታንቋል። ሦስቱንም ቦታ ለኩና ቁጥሩን ጻፉት። በቃል አትያዙት፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሥራው ሲያልቅ ታመሳክሩበታላችሁ።

ግፊት ማለት ከፍታ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታ ብቻ ነው። ውሃው በሮቶው ውስጥ ካለበት ጫፍ እስከ ሻወሩ ራስ ያለውን ቁመት ለኩ። 10 ሜትር ቢሆን ግፊቱ 1 ባር ያህል ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። 3 ሜትር ከሆነ 0.3 ባር ነው። የአብዛኞቻችን ቤት እዚህ አካባቢ ነው። ትንሽ ናት። ትንሽ ስለሆነች ደግሞ በየመንገዱ ሊባክን የሚችል የለንም።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። "ሮቶው ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ባለ 5,000 ሊትር ብቀይረው ይበረታል" የሚል ሰው ብዙ ነው። አይበረታም። የ500 ሊትርም ሆነ የ5,000 ሊትር ሮቶ የውሃው ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ ግፊታቸው አንድ ነው። ትልቁ ሮቶ የሚሰጣችሁ ብዙ ቀን እንጂ ብዙ ጉልበት አይደለም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለሻወሩ ግን መልስ አይሆንም።

ከፍታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት አስቡት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሃላቸው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ወጥ ቧንቧ ብንዘረጋና በውሃ ሞልተን ከታች ብንዘጋው፣ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጫፍ ከ60 ባር በላይ ይሸከማል። ቤት ውስጥ የምንቀብረው ጠንካራው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ፒፒአር፣ እንኳ ለ20 ባር ነው የሚሠራው። ቁልቁለት ላይ የሚዘረጉ የውሃ መስመሮች በየመሃሉ ግፊት የሚያሳርፍ ገንዳ የሚሠራላቸው ለዚህ ነው። የአንዱ ሰፈር ውሃ እንደ ጉድ ሲፈስ የሌላው የሚንጠባጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአንድ መስመር የሚጠጡ ሁለት ጎረቤቶች እንኳ ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው እኩል አያገኙም።

ታዲያ ሮቶውን ከፍ ማድረግ ይሻላል? አንድ ሜትር ስትጨምሩ 0.1 ባር ታገኛላችሁ። 3 ሜትር ለነበረው ቤት ይህ ሲሶ ጭማሪ ነው፣ የሚናቅ አይደለም። ግን አንድ ነገር አትርሱ። 1,000 ሊትር ውሃ 1,000 ኪሎ ነው። አንድ ቶን። የብረት ማቆሚያው በደንብ የሚያውቅ ሰው የሠራው፣ እግሩም በኮንክሪት የተያዘ መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ ቸልተኝነት ስለማየው ያሳስበኛል። ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በሁለት ባሕር ዛፍ የተደገፈ ሮቶ ስር ልጆች ሲጫወቱ አይቻለሁ። ለሻወር ብሎ እንዲህ ያለ አደጋ አናት ላይ መስቀል አይገባም። ባዶ ሮቶም ቢሆን መታሰር አለበት፣ ነፋስ ያነሳዋል።

አውራ ጣትና የውሃ ጎማ

"ቧንቧው ሲቀጥን ውሃው ይበረታል" የሚሉም አሉ። የሚሉበት ምክንያት ይገባኛል። አትክልት የምናጠጣበትን ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስንይዘው ውሃው ርቆ ይወረወራል። ዓይናችን ያየው እውነት ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው።

ውሃው ጎማው ውስጥ ሲሮጥ ከግድግዳው ጋር ይታሻል። መታሸቱ ግፊቱን ይበላዋል። ጫፉን በጣታችን ስናጠብበው የሚወጣው ውሃ መጠን ይቀንሳል። ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ይላል። ቀስ ሲል መታሸቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ግፊቱ ሳይባክን ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ እዚያች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ፍጥነት አገኘን፣ መጠን አጣን። ባልዲ ብትደግኑበት ይታያችኋል፣ ጣታችሁን ስታነሱ ነው ቶሎ የሚሞላው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሻወር ወሳኝ ነው። መጥበብ ያለበት መጨረሻው ብቻ ነው። መንገዱ በሙሉ ሰፊ፣ ጫፉ ብቻ ጠባብ። መንገዱ ከጠበበ ግፊቱ ሻወሩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ቁጥር ልስጣችሁ። ገበያ ላይ "20" የሚባለው ፒፒአር 20 ሚሊሜትር የሆነው ከውጭ ሲለካ ነው። ወፍራም ስለሆነ የውስጡ ቀዳዳ 13 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። "25" የሚባለው ደግሞ ውስጡ 16.6 ነው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ናት። በ15 ሜትር ቀጥታ መንገድ ላይ በደቂቃ 6 ሊትር ለማሳለፍ ግን ባለ 20ው አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ይበላል። ባለ 25ቱ የሚበላው ሲሶውን ብቻ ነው። ያለን ጠቅላላ ከፍታ 3 ሜትር ከሆነ አንዱን ሜትር ቧንቧው ውስጥ መጣል በጣም ብዙ ነው። በመንግሥት መስመር 3 ባር ለሚመጣለት ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይደለም፣ አይሰማውም። ለሮቶ ቤት ግን ሕይወት ነው። ስለዚህ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ከሮቶ የሚወርደውን ዋና መስመር ከ25 በታች አታድርጉት፣ ቢቻል 32 ይሁን። የዋጋው ልዩነት ግድግዳ ካፈረሱ በኋላ ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ክርኖችም ይቆጠራሉ፣ በየማዕዘኑ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። የድሮ ብረት ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ውስጡ በዝገት ይደፈናል። ተቆርጦ ሲወጣ እርሳስ የማያስገባ ሆኖ ያገኘሁት ቧንቧ አለ።

ቦል ቫልቭ ከጌት ቫልቭ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው። እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲስተካከል ክፍት ነው፣ ሲያቋርጠው ዝግ ነው። በዓይን ይታያል። ስትገዙ ግን እጀታውን ከፍታችሁ በቀዳዳው ተመልከቱ። አንዳንዱ ውስጡ ከቧንቧው የጠበበ ነው።

አየር የሚዘጋው መንገድ

ይህኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ውሃ ጠፍቶ ሮቶው ሲያልቅ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። ውሃው ሲመለስ አየሩ መውጫ ካጣ መንገዱ ላይ እንደ ቡሽ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ቧንቧው ወደ ላይ ወጣ ብሎ ተመልሶ በሚወርድበት ጉብታ ላይ ነው። ለምሳሌ ከሮቶው ወርዶ፣ መስኮት ለመዝለል ከፍ ብሎ፣ እንደገና የሚወርድ መስመር። ባለ ብዙ ባር ግፊት አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል። የኛ 0.3 ባር ግን ጉልበት ያጥረዋል።

ምልክቱ ይህ ነው። ሮቶው ሙሉ ነው። ቧንቧው ይተፋል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ይቀጥናል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ትናንት ደህና ነበር። ከሆነ አየር ነው። መፍትሔው ዝቅ ያለውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ማስፈሰስ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ደግሞ መስመሩ ከሮቶው እስከ ሻወሩ ድረስ ሁልጊዜ ቁልቁል እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከሮቶው መውጫ አጠገብ፣ ከመዝጊያው በኋላ፣ ወደ ሰማይ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ መትከልም ይረዳል። አፉ ከሮቶው የውሃ ጫፍ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ውሃው ይፈስሳል። አየሩ በሱ ይተነፍሳል።

የሻወሩ ራስ

አሁን እንደ ሰሃን የሰፋው ሻወር ፋሽን ሆኗል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ለሮቶ ቤት አይመከርም። የሰፋው በብዙ ቀዳዳ የሚያዘንበው ብዙ ውሃ ሲደርሰው ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ሲያገኝ በየቀዳዳው የሚንጠባጠብ ብቻ ይሆናል። ትንሽ ራስ ያለውን፣ ቀዳዳዎቹ ጥቂት የሆኑትን ምረጡ።

ስትፈቱት አንገቱ ውስጥ ትንሽ ቀለበት የመሰለ ፕላስቲክ ታገኙ ይሆናል። እሱ ውሃ እንዲቆጥብ የተደረገ ማጥበቢያ ነው። ግፊት ለተረፈው አገር የተሠራ ነው። ለኛ ሮቶ ግን ሌላ ማነቆ ነውና አውጡት። ከሱ ጋር ወንፊት ካለ ወንፊቱን እጠቡና መልሱ፣ እሱ ይጠቅማል። ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ራሱን በአቸቶ ነክራችሁ አሳድሩት። ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ክረምት ላይ ደለል ስለሚበዛ ይህን ቶሎ ቶሎ ማድረግ ነው፣ ሮቶውንም ከሥሩ ማጠብ።

ፓምፕ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መንገዱ ሁሉ ጸድቶም ሻወሩ ሊደክም ይችላል። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በላይ አንድ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ውሃው ከመሬት ካለ ገንዳ የሚመጣ ከሆነ ፓምፕ ግድ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ፓምፕ ለአንድ ቤት ይበቃል። ትልቁን አትሹ።

ከምንም በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ፓምፑን ከመንገድ በሚመጣው የመንግሥት መስመር ላይ በቀጥታ አትግጠሙ። የጎረቤትን ድርሻ መሳብ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ እሱ ራሱ በቂ ምክንያት ቢሆንም። ፓምፑ መስመሩን ሲመጥጠው ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል። ያን ጊዜ ከመሬት በታች ያለ ስንጥቅ ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ቧንቧው ረግረግ ወይም የሽንት ቤት ፍሳሽ አጠገብ ካለፈ የሚስበው እሱን ነው። ያን ውሃ የሰፈሩ ልጆች ይጠጡታል። ውሃው በራሱ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ይውረድ፣ ፓምፑ ከገንዳው ይውሰድ።

ሌላው የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ፓምፕ ውሃን እንደ ገመድ አይጎትትም። ፓምፑ የሚያደርገው ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ነው። ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ ያለው አየር ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ አየሩ ውሃን ቢበዛ እስከ 10 ሜትር ሊገፋ ይችላል። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ወሰኑ 7.5 ሜትር ገደማ ነው። በተግባር ደግሞ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ካርቶኑ ላይ "8 ሜትር ይስባል" የሚል ብታዩ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ያላችሁ የደሴ ሰዎች ወደ ታች የሚገባውን ፓምፕ ብትመርጡ ነው የሚሻለው። እሱ ከታች ሆኖ ስለሚገፋ ይህ ወሰን አይነካውም።

የሞቀ ውሃ ላላችሁም አንድ ማስጠንቀቂያ። ጣሪያ ላይ የመስታወት ቱቦ ያለው የፀሐይ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ግፊት የማይችል ነው። ገንዳው በከፍታ ብቻ እንዲያወርድ የተሠራ ነው። ፓምፕ ብትገጥሙበት ይፈነዳል ወይም ያፈሳል። ቀዝቃዛውን ብቻ በፓምፕ፣ ሙቁን ያለ ፓምፕ ካደረጋችሁ ደግሞ ሻወሩ ላይ ሲገናኙ ጉልበተኛው ቀዝቃዛ ሙቁን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ሁለቱ እኩል ግፊት ሊኖራቸው ይገባል። ቦይለር ካላችሁ የግፊት ማስተንፈሻው እንዳይደፈን፣ በእንጨትም ሆነ በጨርቅ እንዳትወትፉት። የፓምፑም የማሞቂያውም የመሬት ሽቦ ይኑር። እርጥብ እግር ከኤሌክትሪክ ጋር አይቀለድበትም።

መኪና ላይ ያለ ሻወር

የአጎቴ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባል። የእናቴን ሻወር ታሪክ ሲሰማ "ለኔስ?" አለኝ። ተሳቢው ሥር 100 ሊትር የሚይዝ የውሃ ዕቃ አስሯል። አፋር በረሃ ላይ በዚያ ሙቀት ለመታጠብ ግን ከዕቃው የምትወርደው ውሃ ጉልበት የላትም። ዕቃው ከጉልበቱ በታች ስለሆነ ከፍታ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ፓምፕ ግዴታ ነው።

ውጭ አገር መኪናቸውን ቤት አድርገው የሚጓዙ ሰዎች አሉ። አልጋ፣ ምድጃና ሻወር ያለው መኪና ነው። እነሱ የሚጠቀሙት ትንሽ ፓምፕ ለዚህ ይሆናል። በባትሪ ይሠራል፣ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ይገፋል። ቧንቧው ሲዘጋ ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል፣ ሲከፈት ይነሳል። እነዚያ ተጓዦች "ሻወሬ ደከመ" ሲሉ ጥፋቱ እንደኛው ቤት ነው። የመግቢያ ወንፊቱ በደለል ይደፈናል። የታጠፈ ጎማ ይኖራል። ከፓምፑ በፊት ያለው መጋጠሚያ ላልቶ ውሃ ሳይሆን አየር ይስባል። እሱ የሚፈስ ነገር ስለማያሳይ ለማግኘት ያስቸግራል። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ ወደ ውስጥ ሲጠባ ያሳብቃል። ውሃው ምት ምት እያለ የሚመጣ ከሆነ ከፓምፑ በኋላ አየር የተሞላች ትንሽ ታንክ ትገጠማለች፣ ምቱን ታለሰልሰዋለች።

አንድ ማነቆ ግን ቤት ውስጥ የለም፣ መኪና ላይ ብቻ ነው። ሽቦው። ኤሌክትሪክም በቀጭን መንገድ ሲሄድ እንደ ውሃ ይባክናል። 12 ቮልት ፓምፕ 8 አምፔር የሚወስድ ቢሆንና ከባትሪው 6 ሜትር ርቆ በ1 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ቢገናኝ፣ በመንገድ 1.7 ቮልት ያህል ይጠፋል። ፓምፑ 10 ቮልት ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ይደክማል። በ4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ብትቀይሩት ጥፋቱ ግማሽ ቮልት አይሞላም። ፓምፑ ደካማ መስሏቸው ሌላ የገዙ ሰዎች መቀየር የነበረባቸው ሽቦውን ነበር። ከባድ መኪና ደግሞ 24 ቮልት ነው። ፓምፑም የ24 ይሁን። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ ባትሪዎቹን ያዛባል፣ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ፊዩዝ ሳይገባበት ደግሞ አይታሰብም።

እሱ ግን መጀመሪያ ያሰበው ሌላ ነበር። "ፓምፕ ለምን? ከፍሬን ንፋስ ቱቦ ጎትቼ ዕቃው ውስጥ ብነፋበት ውሃውን አይገፋውም?" አለኝ። ጓደኞቹ ነግረውት ነው። ይገፋዋል። ሰውም ይገድላል። የፍሬን ንፋስ 8 ባር ገደማ ነው። የውሃ ዕቃው አንድ ጎን 50 በ50 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ግማሽ ባር ብቻ ቢገባበት ያንን ጎን ከ1,200 ኪሎ በላይ ይገፋዋል። ፕላስቲክ ያን አይችልም። የፍሬን ንፋስ ደግሞ ለፍሬን ነው። ጭነት ይዞ ሐረጎን የሚወርድ መኪና ንፋሱን በሻወር መስመር ሊያጣ አይገባም። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "ቃል" አለኝ።

እናቴ ቤት መዝጊያው ሲቀየር ባልዲው በ2 ደቂቃ መሙላት ጀመረ። ከሮቶው እስከ ሻወሩ ያለውን መስመር ወደ 25 ቀይረን፣ ራሱን አቸቶ ውስጥ አሳድረን ስንመልሰው 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ። ያለ ፓምፕ። ፓምፑ አሁን ከታች ካለው ገንዳ ወደ ሮቶው ውሃ ያወጣል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለትንሽ ጊዜ ይነሳል።

የአጎቴ ልጅም ባለ 24 ቮልቷን ፓምፕ ገጥሞ፣ ወፍራም ሽቦ ስቦ፣ ትንሽ ሻወር አንጠልጥሏል። በደቂቃ 5 ሊትር እንድትሰጠው አስተካክሏታል። ሚሌ ሲደርስ እሱና ረዳቱ ተራ በተራ አራት አራት ደቂቃ ይታጠባሉ፣ ከ100 ሊትሩ 60ው ይተርፋቸዋል።